የግልገል ልክ፦ ከኡካ ቡና ማሳ እስከ ጁሙዓ ሽቶ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ግልገል ነው። ስለ ድመት ግልገል፣ ስለ ነብር ግልገል፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ ሰው ሕፃን። "ለጁሙዓ ይሄ ምን ይሠራል?" የሚል ካለ ሱረቱ ረዕድን ይክፈትና 8ኛዋን አያ ያንብብ። አላህ (ሱ.ወ) እዚያ ቦታ ላይ ሴት ሁሉ በሆዷ የተሸከመችውን እንደሚያውቅ፣ ማሕፀን የሚያጎድለውንና የሚጨምረውን እንደሚያውቅ፣ ከዚያም ነገር ሁሉ እርሱ ዘንድ በልክ እንደሆነ ይነግረናል። አያዋ "ሴት ሁሉ" ነው ያለችው። የሰው ሴት ብቻ ብላ አልወሰነችም። ደን ውስጥ ጉድጓድ ፈልጋ የምትወልደውም አለችበት።

ይህን ርዕስ ያመጣው ከኢሉባቦር፣ ከኡካ የደረሰን ጥያቄ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ልጆች ከማሳው ዳር፣ ከወደቀ ግንድ ሥር ሦስት ትንንሽ ግልገሎች ያገኛሉ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፤ አንዷ መዳፍ ላይ ገብታ ቦታ ይተርፋል። ከለቃሚዎቹ አንዱ "የነብር ናቸው፣ እናቲቱ ሳትመጣ እንሂድ" ይላል። ሌላው "ጥርኝ ነው፣ ካደገ ገንዘብ ነው" ይላል። አንዲት እናት ደግሞ "የዱር ድመት ናት፣ ባለችበት ተዉአት" ትላለች። ልጆቹ ሁለቱን አንስተው ቤት ወሰዱ፣ አንዷን ተዉ። ጥያቄው ሁለት ነበር፦ "የምን ግልገል መሆኑ በመጠኑ ይታወቃል ወይ? መውሰዳችንስ በዲናችን እንዴት ይታያል?"

ከመጀመሪያው እንነሳ።

የዱር ድመት የምንላት እንስሳ በመልኳ የቤት ድመት ናት ማለት ይቻላል። እግሯ ረዘም ይላል፣ ጸጉሯ ግራጫና አሸዋማ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ሽንትር አለባት፣ የጆሮዋ ጀርባ ቀላ ይላል፣ ጅራቷ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። ክብደቷ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው። የቤት ድመቶቻችን ሁሉ ቅድመ አያትም እርሷው ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት በዓለም ያሉ የቤት ድመቶች በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረው ከዚሁ የአፍሪካና የእስያ የዱር ድመት ዝርያ እንደመጡ አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መቃብር ውስጥ ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብሮ ተገኝቷል። በጓዳችሁ አይጥ የምትጠብቀው አዱሬ ዘመዶቿ ዛሬም ከበቆሎ ማሳው ጀርባ አሉ ማለት ነው። የዱር ድመት ጥቅጥቅ ካለ ደን ውስጥ ይልቅ የደኑን ዳርና የእርሻውን አካባቢ ትመርጣለች፤ አይጡ ያለው እዚያ ነዋ።

ደኑ ውስጥ የሚኖሩት ሌሎች ናቸው። ኢሉባቦር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ግን፣ የያዮ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ፣ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን፣ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን ነው። በዚህ አገር ነብር አለ፣ አነር አለ፣ ጥርኝ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ። ነብርና አነር ከድመት ቤተሰብ ናቸው። ጥርኝና ሸለምጥማጥ ግን፣ ብዙ ሰው ድመት ቢላቸውም፣ ከሌላ ቤተሰብ ናቸው። አፋቸው ሾጠጥ ያለ ነው፣ ሥጋም ፍሬም ይበላሉ።

አሁን ወደ መጠኑ። የዱር ድመት ሁለት ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ትወልዳለች። እያንዳንዷ ግልገል 100 ግራም ገደማ ናት። አንድ መቶ ግራም ምን ያህል ነው? አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ እንኳን አይሞላም። የአነር ግልገል ሲወለድ 250 ግራም ይደርሳል። የነብር ግልገል ግማሽ ኪሎ፣ ትንሽም አለፍ ይላል። የአንበሳ ደቦል አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ መዳፍ ላይ ተኝታ ቦታ የምታስተርፈው፣ ዓይኗ ያልተገለጠው፣ ገና የተወለደች የነብር ልጅ ልትሆን አትችልም። የጥርኝም አይመስልም። የጥርኝ ልጅ ሲወለድ ጸጉሩ ጠቆር ብሎ ሞልቶ፣ ገና ከመጀመሪያው ለመዳህ የሚሞክር ነው። ያቺ እናት ያሉት ሳይሆን አይቀርም። (የአገር እናቶች እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሲናገሩ መስማት ጥሩ ነው፤ በስልክ ከመፈለግ ይቀድማል።)

ግን መጠኑን ለብቻው ከማየት ከእናቱ ጋር አስተያዩት፤ ነገሩ የሚገርመው ያኔ ነው።

100 ግራም ግልገል ከ4 ኪሎ እናት ስትወጣ የእናቷ አንድ አርባኛ ናት። የነብር ግልገል የእናቱ አንድ ሰባኛ ገደማ ነው። የአንበሳ ደቦል ወደ አንድ ዘጠናኛ ይጠጋል። እስቲ አሁን ወደ በረቱ ግቡ። የአገራችን ላም 250 ኪሎ ብትሆን ጥጃዋ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ አንድ እጅ ማለት ነው። ፍየሏም እንደዚያው ናት። የሰው ልጅ 3 ኪሎ ሆኖ ከ55 ኪሎ እናት ሲወለድ አንድ አሥራ ስምንተኛ ነው። አንበሳ የሚያህል አውሬ፣ በድምፁ አገር የሚያንቀጠቅጥ፣ ልጁ ከሰው ሕፃን ግማሽ ብቻ! ከአገራችን ወጣ ብለን ብናይ ደግሞ በቻይና የሚገኘው ፓንዳ 100 ኪሎ ሆኖ 100 ግራም ገደማ ልጅ ይወልዳል። የአውስትራሊያው ካንጋሮ ልጅ ሲወለድ አንድ ግራም እንኳን አይሞላም፤ ከዚያ በእናቱ ጸጉር ላይ ራሱ ተስቦ ወደ ኪሷ ገብቶ ያድጋል። ዝሆን በበኩሏ 22 ወር ተሸክማ 100 ኪሎ ገደማ ትገላገላለች።

ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ ነው? ላሟ ሣር ነው የምትበላው፤ ሣሩ አይሮጥም። ከብዳም መብላት ትችላለች። አደጋዋ ያለው ከወለደች በኋላ ነው። እንደ እርሷ ያሉ ግጦሽ ላይ የሚውሉ እንስሳት በሜዳ ነው የሚወልዱት፣ አውሬውም ይሸታል። ስለዚህ ጥጃው በእናቱ ሆድ ብዙ ቆይቶ፣ ዓይኑ ተገልጦ፣ አጥንቱ ጸንቶ ይመጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ ይጠባል፣ ይከተላል። የድመቷ ነገር ተቃራኒው ነው። ምግቧ ይሮጣል፣ ይበርራል። አነር ወፍ ለመያዝ ከመሬት ከሁለት ሜትር በላይ ትዘላለች። በሆዷ የሰውነቷን ሩብ የሚያህል ግልገል ተሸክማ እንዴት ትዘል ነበር? ሁለት ቀን ባትይዝ ትራባለች፣ ከእርሷም ጋር በሆዷ ያሉት። ስለዚህ አላህ ሸክሟን ቀለል፣ እርግዝናዋን አጠር አድርጎላታል። ልጆቿ ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ ሳይቆሙ፣ ግን በጉድጓድ ተደብቀው ይቀራሉ። የላሟ ጥጃ እግር ተሰጠው፣ የድመቷ ልጅ ጉድጓድ ተሰጠው። ሁለቱም የሚበቃቸውን አግኝተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ድመቷ አራት ብትወልድ የአራቱ ድምር 400 ግራም ነው፤ ከእናትየዋ አንድ አሥረኛ። ከላሟ ጋር ልትመጣጠን ምንም አልቀራት። ላሟ አንድ ትልቅ፣ ድመቷ አራት ትንንሽ። ከአይጥ እስከ ጅብ ብዙ ጠላት ለተደቀነባቸው ግልገሎች አራት መሆናቸው ራሱ ጥበቃ ነው። ሳይንሱ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል፤ በሱረቱ ጣሃ ሙሳ (ዐ.ሰ) ለፊርዐውን የሰጡትን መልስ ያነበበ ደግሞ ማን እንደሠራው ያውቃል። ጌታችን ለነገሩ ሁሉ ተፈጥሮውን ሰጥቶ ከዚያ የመራው ነው ብለው ነበር የመለሱለት። መፍጠር ብቻ አይደለም፤ ከዚያ መምራት አለ። ዓይኗ ያልተገለጠ ግልገል ጡቱን በሽታና በሙቀት ፈልጋ ታገኛለች። ማን አሳያት?

ወደ እኛ እንምጣ። የሰው ልጅ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ግራ የሚያጋባ ነው። ከእናቱ አንጻር ትልቅ ሆኖ ነው የሚወለደው፤ ከአንበሳ ደቦል አምስት እጥፍ በሚበልጥ ድርሻ። ዘጠኝ ወር ይቆያል፤ ልክ እንደ ላሟ። ዓይኑም የተገለጠ ነው። ግን ጥጃው በሰዓት ውስጥ ሲቆም እርሱ ለመቆም ዓመት ይፈጅበታል። ትልቅና ደካማ፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ! ሐኪሞች ምክንያቱን ጭንቅላቱ ላይ ያገኙታል፤ አንጎሉ ትልቅ ነው፣ ከዚህ በላይ ቢቆይ መውጫው አይበቃውም፤ ስለዚህ ቀሪው እድገት ከውጭ፣ በእናት እቅፍ ይጠናቀቃል። በሱረቱ ነሕል 78ኛ አያ አላህ ከእናቶቻችን ሆድ ምንም ሳናውቅ እንዳወጣን፣ ከዚያም መስሚያ፣ ማያና ልብ እንደሰጠን ያስታውሰናል። የድመቷ ግልገል በስድስት ወሯ አይጥ ትይዛለች። አንተ በስድስት ወርህ ደግፈውህ ነበር የምትቀመጠው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ከጥያቄው በላይ የሚያሳስበው ነገር ይሄ ነው። ሱረቱ ሉቅማን የእናትን እርግዝና ድካም በድካም ላይ ብሎ ይገልጸዋል፣ ጡት መጣሉ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑንም ያክላል። ሱረቱል አሕቃፍ ደግሞ እርግዝናውና ጡቱ በአንድ ላይ 30 ወር መሆኑን ይናገራል። የቀደሙ ዓሊሞች ሁለቱን አያዎች አገናኝተው ከ30 ወር 24 ሲቀነስ 6 ይቀራል፣ ስለዚህ አጭሩ እርግዝና ስድስት ወር ነው ብለዋል። ዛሬ በትላልቅ ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በስድስት ወር ተኩል የተወለዱ፣ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ልጆች በሙቀት ሳጥን ውስጥ ሲያድጉ ይታያሉ። የድመቷ እናት የአርባኛ ድርሻ ተሸክማ ሁለት ወር ቆየች። የአንተ እናት የአሥራ ስምንተኛ ድርሻ ተሸክማ ዘጠኝ ወር፣ ቡና እየለቀመች፣ ውሃ እየቀዳች፣ ወደ መቱ ገበያ እየወጣች። መቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ አንድ ሳምንት ስልክ ሳትደውልላት የሚያልፍህ ከሆነ ዛሬ ከጁሙዓ በፊት ደውልላት። ይህን ጽሑፍ አቋርጠህ ብትደውል አንቀየምህም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ሁለቱ ግልገሎች ቤት ተወስደዋል።

በአቡ ዳዉድ ዘገባ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የሚያወሩት ታሪክ አለ። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መንገድ ላይ ነበሩ፤ እርሳቸው ለጉዳያቸው ዘወር ሲሉ ሶሓቦቹ ሁለት ጫጩቶች ያላት ትንሽ ወፍ አይተው ጫጩቶቹን ወሰዱ። ወፊቱ መጥታ ከላያቸው ክንፏን እያርገበገበች ትዞር ጀመር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተመልሰው ሲያዩ ይህችን በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጆቿንም እንዲመልሱላት አዘዙ። የወሰዱት ሶሓቦች ናቸው፣ ክፋት አስበውም አልነበረም። ነቢያችንም ወፊቱ ምን ትጎዳናለች አላሉም፤ ጭንቀቷን አዩ፣ በቃ።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ደግሞ አላህ ራሕመትን መቶ ክፍል አድርጎ አንዱን ብቻ ወደ ምድር እንዳወረደ፣ ፍጥረታት እርስ በርስ የሚተዛዘኑት በዚያች በአንዷ እንደሆነ፣ እንስሳ እንኳን ልጇን እንዳትረግጥ ኮቴዋን የምታነሳው ከእርሷ እንደሆነ ያስተምረናል። ከግንዱ ሥር የተደበቀችው የዱር ድመት ልጇን በማጅራቷ በጥርሷ ይዛ ስትወስድ ቆዳዋን እንኳን አትበሳም። ያው ጥርስ ነው አይጡን የሚሰብረው።

ስለዚህ ግልገል ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ አልሞተችም፣ ልጆቿንም አልጣለችም። ሄዳ እያደነች ነው፤ ወይም ሰው ሰምታ ከሩቅ እየጠበቀች ነው። የዱር ድመት ቦታዋ የታወቀባት ሲመስላት ልጆቿን አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ ታጓጉዛለች፤ ምናልባት ያገኛችኋት ሁለተኛዋን ልትወስድ ስትመለስ ይሆናል። አትንኩ፣ ከአካባቢው ራቁ፣ ውሻችሁንም አርቁ። በዚያች ማዕዘን ያለውን ቡና ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ልቀሙት፤ ቡናው የትም አይሄድም። የተወሰደ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ መመለስ ነው። የሰው እጅ ስለነካው እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያግዳል፤ የድመት እናት ግን ልጇን በዚህ ምክንያት እንዲሁ አትጥልም።

ቤት ማቆየቱ ለምን አይሆንም? አንደኛ፣ ይሞታሉ። ዓይኗ ያልተገለጠ ግልገል ሙቀቷን ራሷ መጠበቅ አትችልም፤ ሽንቷን እንኳን እናቷ ካልላሰቻት በደንብ አትሸናም። ሰዎች አዝነው የላም ወተት ይሰጧቸዋል። የድመት ወተት ግን ከላም ወተት በፕሮቲንም በቅባትም የበለጸገ ነው፤ የላሙ ወተት ያስቀምጣቸውና ውሃቸው ያልቃል። ልክ ብለን የጀመርነው ነገር ወተት ውስጥም አለ፤ አላህ ለጥጃው የለካውን ለድመት ብትሰጡት አይሆንላትም። ሁለተኛ፣ ካደጉ ይነክሳሉ፣ ይቧጭራሉ፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ የዱር ድመትም ይዞት ይሆናል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ባህል መድኃኒት ተይዞ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሦስተኛ፣ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል።

የቤት ድመት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይህን ያነሳነው ድመት ማሳደግን ለመንቀፍ እንዳይመስል። የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) ታሪክ ታውቃላችሁ። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ለውዱእ ውሃ ስታቀርብላቸው ድመት መጣች፣ እርሳቸውም እስክትጠጣ ድረስ ዕቃውን አዘነበሉላት። እርሷ በመገረም ስታያቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚዘዋወሩት አንዷ እንደሆነች መናገራቸውን ነገሯት። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ስማቸው ራሱ ከድመት ግልገል የመጣ ነው።

ወደ ሁለተኛው ለቃሚ ንግግር ልመለስ፤ "ጥርኝ ነው፣ ካደገ ገንዘብ ነው" ወዳለው። ይህ ሰው የተናገረው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። በኢሉባቦር፣ በጅማና በወለጋ ጥርኝ ይዞ ዝባድ መሸጥ የቆየ ሥራ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉትም በአብዛኛው ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። ወንዱ ጥርኝ ከደን በወጥመድ ይያዝና ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ይቀመጣል። ጎጆው ውስጥ እሳት ይነድዳል፣ ጭሱ ሙቀቱን ይይዛል። በየ9 እስከ 15 ቀኑ ተይዞ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባዱ ይፋቃል፤ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ፣ በተለይ ወደ ፈረንሳይ የሽቶ ፋብሪካዎች ሲላክ ኖሯል። ስንት ልጅ በዚህ ገንዘብ ተምሯል፤ ስንት ሰው ሐጅ አድርጎበታል ብሎ መገመትም አይከብድም። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ በአንድ ቃል ማውገዝ ተገቢ አይደለም።

ዝባዱ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ ለሚለው የዲን ሊቃውንት ድሮ ተነጋግረውበታል። በ676 ሂጅሪያ ያረፉት ኢማም ነወዊ አል-መጅሙዕ በተባለው ኪታባቸው ያነሱታል። አንዳንዶች የባሕር ድመት ወተት ነው ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ከታመኑ የሥራው አዋቂዎች የየብስ የዱር ድመት ላብ መሆኑን መስማታቸውን ጠቅሰው ንጹሕ ነው ብለዋል፤ ከእንስሳው የተነቀለ ጸጉር ከገባበት ግን መጠንቀቅ እንደሚገባ አክለዋል። ዛሬ ላብ ሳይሆን ጥርኙ ክልሉን ምልክት የሚያደርግበት የእጢ ቅባት መሆኑ ይታወቃል። የሚገርመው ግን ኢማሙ ስለማያውቁት እንስሳ ሲጽፉ የሚያውቀውን ሰው መጠየቃቸው ነው።

ዝባዱ ንጹሕ ነው ማለት አያያዙ ሁሉ ሐላል ነው ማለት ግን አይደለም። እንስሳ አጉሮ መያዝ በራሱ የተከለከለ አይደለም። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ ይጫወትበት ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሉትም፣ ወፉ ሲሞት እንዲያውም ልጁን ያጫውቱት ነበር። በሌላ በኩል ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በእርሷ ምክንያት እሳት መግባቷ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በዚያ ሐዲስ ውስጥ ለሴቲቱ ሁለት መንገድ ነበራት፤ ወይ ታበላት፣ ወይ ከምድር ነፍሳት እንድትበላ ትለቃት። ሁለቱንም አላደረገችም። እንግዲህ መዞር የማይችልበት ማጎሪያ ውስጥ ዓመታት የሚቆይ፣ ሲፋቅ የሚቆስል፣ በሌሊት ደን ለደን ሲዘዋወር ያደረ እንስሳ ከየትኛው ወገን ነው? ከደን ከሚያዙት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ፤ በዚያ ማጎሪያ ውስጥ ስለማይዋለዱም የሞተው በሌላ ከደን በተያዘ ይተካል። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። ቤታችሁ ጥርኝ ካለ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ግን ዝባዱን ብቻ አታሳዩአቸው፣ ወስዳችሁ ማጎሪያውን አሳዩአቸው። አባታችሁን ስለዚህ ስታናግሩም በአደብ ይሁን። ማጎሪያውን ማስፋት፣ ሥጋውንና ፍሬውን በጊዜው መስጠት፣ ሲፋቅ የሚያቆስለውን አሠራር መተው፣ እነዚህን ልጅ አባቱን ሊያግዝባቸው የሚችልባቸው ሥራዎች ናቸው።

ገበያውም እየተለወጠ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት በ1920ዎቹ የዝባዱን ዋና መዓዛ አሠራር ለይቶ አወቀ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ መዓዛው በፋብሪካ ይሠራል፣ ታላላቅ ሽቶ አምራቾችም ወደዚያው ዞረዋል። ልጁ ግልገሉን አሳድጎ ባለጸጋ ለመሆን ያሰበው ሥራ አባቱ የሚያውቀው ያኔ የነበረው ገበያ አይደለም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ያለንን ሽቶ መቀባት የጁሙዓ ሱና ነው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ለሚታጠብ፣ ከቤቱ ሽቶ ለሚቀባ፣ ሁለት ሰዎችን ለይቶ በመካከላቸው ለማያልፍ፣ ኢማሙ ሲናገር ዝም ለሚል የሚሰጠውን ምሕረት ይነግረናል። "ያለንን" ነው ያልነው፤ ውድ መሆን የለበትም። ደን አጠገብ የምትኖሩት ማለዳ ከኡካ ወጣ ብላችሁ በእግር ስትሄዱ መንገድ ዳር ግንድ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ከበድ ያለ፣ ግራ የሚያጋባ ሽታ ከሸተታችሁ ጥርኙ ሌሊት አልፎ ራሱ የቀባው ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጸዳዳበትን አንድ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ከበላው ፍሬ የተረፈው ዘር እዚያ ይበቅላል።

ሱረቱል ከህፍን እንዳትረሱ፤ ሰለዋትም አብዙ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።